የደን ትምህርትና የአገራችን ታሪክ



በቅርቡ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሻይ ይዘን ሳለን፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ልባቸውን ያከበደውን ነገር አጫወቱኝ። ሴት ልጃቸው ዩኒቨርስቲ ገብታ የደን ትምህርት እንድታጠና ተመድባለች። «እኔ ሐኪም ትሆንልኛለች ብዬ ሳስተምራት እርሷ ዛፍ ልትቈጥር ነው። ኧረ ለመሆኑ ልጄ፣ ዛፍ ምን የሚጠና ነገር አለው?» አሉኝ። እኔም ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ስለሆነ፣ በዚያው ሰዓት የሚበቃ መልስ አላገኘሁላቸውም። ነገር ግን ጥያቄያቸው ከልቤ ስላልወጣ፣ ያነበብሁትን አሰናድቼ ዛሬ ለእርሳቸውም ለእናንተም አቀርባለሁ።

ነገሩን ከምንኖርበት ሰፈር ልጀምር። በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ክፍለ ከተማ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ነፋስ ስልክ ማለት አባቶቻችን ያለ ሽቦ ለሚናገረው መሣሪያ ያወጡለት ስም ነው። ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ የግራር ዓይነት መጠሪያ ነው። እንግዲህ ከስሙ እኩሌታው የሥልጣኔ መሣሪያ፣ እኩሌታው ዛፍ መሆኑ ነው። ዛሬ በላፍቶ፣ በለቡና በጀሞ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ የፎቅ ቤት እንጂ የግራር ጫካ አያይም። ቦታው ለዛፉ የሰጠው ዋጋ ግን በስሙ ተጽፎ ቀርቷል።

የአገራችን ታሪክ ከእንጨት ጋር ምን ያህል የተያያዘ እንደ ሆነ ለመረዳት የነገሥታቱን ሰፈር መመልከት ይበቃል። በቀድሞው ዘመን የንጉሥ ከተማ ብዙ ጊዜ ተንቀሳቃሽ ነበር። ሠራዊቱ ባረፈበት ቦታ ማገዶውና ስንቁ ሲያልቅ ከተማው ተነሥቶ ወደ ሌላ ይዛወር ነበር። በ1879 ዓ.ም. የተመሠረተችው አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ ለጥቂት ነው ያመለጠች። በዙሪያዋ ያለው እንጨት ስለ ተመናመነ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር። ዋና ከተማው ያልተዛወረበት አንዱ ምክንያት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቈረጥም ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። ስለዚህ ለከተማው ማገዶም ማገርም ሆነ።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ዛፍ መትከል ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በወጨጫ ተራራ ላይ ጥድ አስተክለዋል እየተባለ ሲተረክ ኖሯል። የጥዱም ዘር በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የመጣ ነው ይባላል። ይህ መናገሻ ሱባ የተባለው ደን ከከተማችን በስተ ምዕራብ ዛሬም ይገኛል።

እንግዲህ አባቶቻችን መትከልን ካወቁ፣ ዩኒቨርስቲ ምን ጨመረ የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ እንዲህ ነው። ዛፍ መትከል ሌላ፣ ደን እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ሌላ ነው። ደን ማለት የዛፎች ብዛት ብቻ ሳይሆን ዘሩ፣ አፈሩ፣ ወፉ፣ ነፍሳቱና ጥላው አንዱ ለሌላው እየረዳ የሚኖርበት ማኅበር ነው።

ይህን ለማወቅ አስቀድሞ እያንዳንዱን ተክል በስሙ መለየት ያስፈልጋል። ስለዚህ በ1959 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የደረቁ ዕፀዋት ናሙና የሚጠበቅበት ብሔራዊ ቤተ ዕፀዋት ተቋቋመ። ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መዝገብ፣ ከስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርስቲ ምሁራን ጋር በመተባበር፣ በስምንት ቅጽ ተዘጋጅቶ ተፈጸመ። የደን ባለሙያዎችን ለማሠልጠንም በ1970 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ በወንዶ ገነት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይኸው ትምህርት ቤት ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርስቲ ሥር የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ ትምህርት የተገኘውን ፍሬ በሁለት ምሳሌ ላስረዳ። ደመል ተከታይ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ምሁር በ1996 እ.ኤ.አ. በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርስቲ የዶክትሬት ማዕርግ ያገኙት በደጋ ደኖቻችን ዘር ላይ ባደረጉት ምርምር ነው። ምርምሩ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ደኑ ቢጨፈጨፍ፣ በአፈሩ ውስጥ የተቀበረው ዘር መልሶ ያበቅለዋልን? አፈሩ ተወስዶ ሲመረመር በውስጡ ብዙ ዘር ተገኘ። ዳሩ ግን አብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ሆነ። ከትልልቆቹ ዛፎች የብዙዎቹ ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ተቀምጦ የሚቈይ አይደለም። እንግዲህ እናቲቱ ዛፍ ከተቈረጠች ምድሪቱ ተተኪ ጎተራ የላትም ማለት ነው። «ዛሬ እንቍረጥ፣ ነገ ራሱ ይበቅላል» የሚለው ተስፋ ከንቱ መሆኑን ያሳየን ይህ ጥናት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። ብዙዎቻችሁ «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው ታውቋቸዋላችሁ። እርሳቸው በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርስቲ በዶክትሬት የተመረቁት በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ጥናት ነው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ደን ሲመረመር 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ተገኝቷል። ከደኖቹ ትንሹ ሁለት ሄክታር እንኳ አይሞላም። በዙሪያው ያለው ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሲሆን፣ ወይራው፣ ጥዱና ዝግባው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ተጠልሎ ቈየ። ሆኖም ጥናቱ የደስታ ወሬ ብቻ አላመጣም። ከብት እየገባ በሚግጥበት ቦታ አዲሱ ችግኝ እየተረገጠና እየተበላ ስለሚጠፋ፣ አሮጌዎቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ተተኪ ያጣሉ። ከሩቅ ለሚያየው ደኑ ለምለም ነው፤ ቀርቦ ላጠናው ግን ልጅ የሌለው የሽማግሌዎች ቤት ነው። ከዚህ ጥናት በኋላ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠርቷል።

ትምህርት ሌላም ጥቅም አለው፤ እኛን የቢሮ ሰዎች ያርመናል። «ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት 40 በመቶው ደን ነበር» የሚል ቃል ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ሲገለበጥ ኖሯል። ጄምስ ማካን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የዚህን ቍጥር መሠረት መርምሮ፣ አስተማማኝ ማስረጃ የሌለው መሆኑን አስረድቷል። በቅርቡም መንግሥታችን ደን የሚለውን ቃል ሲተረጕም፣ ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ የዛፉ ቁመት ሁለት ሜትር፣ የቅርንጫፉ ጥላ 20 በመቶ እንዲሆን ወስኗል። ትርጓሜው ሲለወጥ፣ አንዲት ዛፍ ሳትተከልና ሳትቈረጥ፣ የደኑ ስፋት በወረቀት ላይ ይለወጣል። ይህን የማያውቅ ሹም በቍጥር ይደሰታል ወይም በቍጥር ያዝናል እንጂ እውነቱን አያገኝም።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህን ሁሉ ያነሣሁበት ምክንያት ግልጽ ነው። በየክረምቱ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ችግኝ ለመትከል እንወጣለን። ሥራው የተመሰገነ ነው። ነገር ግን በጠረጴዛችን ላይ የሚቀርበው ወረቀት ስንት እንደ ተተከለ ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ ከመፈረማችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ካለፈው ዓመት የጸደቀው ስንት ነው? የተተከለው ዛፍ ለዚያ አፈር የሚስማማ ነውን? ቆሞ ያለውስ ደን እየተጠበቀ ነውን? መልሱን የሚሰጠን ደንን ያጠና ሰው ነው።

ለባልደረባዬም በማግስቱ ያልኋቸው ይህንኑ ነው። «ልጅዎ ዛፍ ልትቈጥር አይደለም የምትሄደው፤ ዛፍ ለምን ተተኪ እንደሚያጣ ልታውቅ ነው። ሐኪም የታመመውን ሰው ያያል፤ እርሷ ደግሞ የታመመውን ምድር ታያለች» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «እንግዲያው የዝናብ ልብስና ጠንካራ ጫማ ልግዛላት» አሉኝ።