የቆረጣ ትርፍ፦ ተቆርጦ እንዲጣል የሚታተም ቀለም

የራሱን የመጫወቻ ካርታ ነድፎ ለማተሚያ ቤት የሚልክ ሰው ገና ከመጀመሪያው «ብሊድ አለው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ቃሉ በእንግሊዝኛ መድማት ማለት ነው። በኅትመት ሙያ ግን ሥዕሉ ከመቁረጫው መስመር አልፎ በዙሪያው የሚታተምበትን፣ በኋላም ተቆርጦ የሚጣለውን ጠርዝ ያመለክታል። ለዚህ ነገር «የቆረጣ ትርፍ» የሚለውን አማርኛ አቀርባለሁ። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ልክ በልኩ አይቆርጥም፤ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ይተዋል። ካርታ የሚነድፍም ሰው ለመቁረጫው እንዲሁ ትርፍ መተው አለበት፤ ስሙ ይህንን ከነገረው ሥራውን ግማሽ ያህል ተማረ ማለት ነው።

ትርፉ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት አንድ ካርታ መለካት ይበቃል። የተለመደው የፖከር ካርታ ወርዱ 63፣ ቁመቱ 88 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 52ቱ ካርታዎች ከጆከሮቹ ጋር ብዙ ጊዜ በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ታትመው ይቆረጣሉ። ወረቀት እርጥበት ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በመቁረጫው ሥር ሲገባም በጥቂቱ ይንሸራተታል። ቀለሙ ልክ በመስመሩ ላይ ካበቃና ቢላዋው ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ካለፈ፣ በካርታው ጠርዝ ላይ ነጭ ክር የመሰለ መስመር ይቀራል። ስለዚህ በአራቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ይጨመርና ንድፉ 69 በ94 ይሆናል፤ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት ሲሰላ 815 በ1110 ነጥብ ገደማ ማለት ነው። ቁጥሮችና ፊደላት ደግሞ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ሌላ 3 ሚሊ ሜትር ይርቃሉ። ለዚህ ለውስጠኛው «ህዳግ» የሚል ቃል አለን፤ ከግዕዙ «ኀደገ» ማለትም ተወ ከሚለው የመጣ ነው። ህዳግ ከጠርዝ ወዲህ ባዶ የሚተው ነው፣ ትርፍ ከጠርዝ ወዲያ ተሞልቶ የሚጣል ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ንድፉን ያበላሻል።

በመጽሐፍ ወይም በፖስተር ላይ የቢላዋ መንሸራተት መልክ ከማበላሸት ብዙም አያልፍም፤ በካርታ ላይ ግን ጨዋታውን ራሱን ይነካል፤ የካርታ ጀርባ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበትና። እ.ኤ.አ. በ2012 ፊል አይቪ የተባለው ታዋቂ ቁማርተኛ ከአጋሩ ጋር በለንደኑ ክሮክፎርድስ የቁማር ቤት 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ ያሸነፈው የካርታ ጀርባዎችን ልዩነት ተጠቅሞ ነበር። የካርታዎቹ የጀርባ ጌጥ ከአንዱ ረጅም ጠርዝ ይልቅ ለሌላው ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ መጠን የቀረበ ነበር። ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው ካርታዎች ዞረው እንዲቀመጡ አስደርገው ከጀርባቸው ለዩዋቸው። የቁማር ቤቱ ገንዘቡን አልከፍልም አለ፤ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ድርጊቱ ማታለል ነው ብሎ በአይቪ ላይ ፈረደ። እርግጥ ነው፣ የቆረጣ ትርፍ ብቻውን ይህን አያስቀርም፤ ነጩን መስመር ያስቀራል እንጂ ቢላዋውን አያቆመውም። ነገር ግን ቢላዋው እንደሚንቀሳቀስ ከመጀመሪያው የሚያውቅ ነዳፊ፣ ትንሽ መንሸራተት የማያጋልጠው ጌጥ ይመርጣል።

«ዙሪያውን ነጭ ክፈፍ ካደረግን ትርፍ ለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ክፈፍ ትርፍ አይፈልግም፤ «ባይስክል» የተባለው የታወቀ የካርታ ምርት ጀርባም ነጭ ክፈፍ አለው። ሆኖም ክፈፉ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ቢላዋው አንድ ሚሊ ሜትር ቢስት፣ በአንድ ወገን 2፣ በሌላው 4 ይሆናል፤ አንዱ የሌላውን እጥፍ ሆኖ ዓይን ይወጋል። ሌላው ተቃውሞ «ትርፍ» የነጋዴ ቃል ነው የሚል ነው። አማርኛ ግን «ትርፍ ሰዓት»፣ «ትርፍ ጊዜ»፣ «ትርፍ አንጀት» እያለ ሲናገር ማንም ገንዘብ አይታየውም፤ «የቆረጣ» የሚለው ሲጨመርበት ደግሞ ጥርጣሬው ይጠፋል። ሦስተኛውና ጠንካራው መከራከሪያ «ብሊድ» በባለሙያው አፍ ገብቷል፣ ለምን ይነካ የሚል ነው። ባለሙያው በቃሉ ይግባባ፤ አዲስ ነዳፊ ግን ከ«ብሊድ» ምን ማድረግ እንዳለበት ሊገምት አይችልም፣ «መድማት» ብለን ብንተረጉምለትም ይበልጥ ይደናገራል። «የቆረጣ ትርፍ» ግን ምን እንደሚጨምርና ለምን እንደሚጨምር በሁለት ቃል ይነግረዋል።

ስለዚህ ማተሚያ ቤቶች ለደንበኛ በሚሰጡት መመሪያ ላይ «የቆረጣ ትርፍ፦ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር» ብለው ይጻፉ። ነዳፊም ፋይሉን ከመላኩ በፊት ቀለሙ ከመስመሩ ማለፉን አንድ ጊዜ ይመልከት፤ 54 ካርታ ከተቆረጠ በኋላ ትርፍ መጨመር አይቻልም።