አበበ ቢቂላን የመረጠው ዕድል ነው ወይስ ሰዓት?

አሜሪካኖች አንድ የኮሌጅ ኳስ ተጫዋች ለትልቁ የሙያ ሊግ ይበቃል አይበቃም ለማለት ልጁን አሳሩን ያበሉታል። ቁመቱን፣ የክንዱን ርዝመት፣ ዝላዩን ይለካሉ። 40 ያርድ (36 ሜትር ተኩል ግድም) አስሩጠው ሰዓት ይይዙበታል። አጥቂ እግር በእግር ለሚከታተል ተከላካይማ የሰከንድ ሽርፍራፊ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ግን የሯጭ አመራረጥ ሲነሳ ወዲያው ተረት ይመጣል። የተረቱ ሁሉ ንጉሥ ደግሞ የአበበ ቢቂላ ነው።

ታውቁታላችሁ። የሮም ኦሊምፒክ ሲቃረብ ዋነኛው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ተጎዳ (“ታመመ” የሚልም አለ)፤ ጉዞው ሲደርስ አንድ ማንም የማያውቀው ወታደር “በል አንተ ግባ” ተባለ፤ ሄደ፣ በባዶ እግሩ ሮጠ፣ አሸነፈ። ለፊልም ይመቻል።

እስቲ ከሥሩ እንየው። አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ጃቶ በምትባል የሸዋ መንደር ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ቀን 1932 መሆኑ ነው፤ በዚያው ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። (ይህን አጋጣሚ ተረት አውሪዎቹ እንኳ አልፈጠሩትም።) የአስተዳደር ካርታ በተለዋወጠ ቁጥር ወሰኑ ወዲያ ወዲህ ቢልም፣ ደጋው ያው እስከ ደብረ ብርሃን የሚዘልቀው ደጋ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ልጁ እንዲህ ባለ አየር ውስጥ ገና ሲጫወት አደገ። የያኔው ገና ደግሞ የዛሬው የስታዲየም ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ግቦቹ አንዳንዴ በኪሎ ሜትሮች ይራራቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው። አበበ አዲስ አበባ ገብቶ ክብር ዘበኛ ተቀጠረ። እዚያ የስፖርት አሰልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። በ1956 በጦር ኃይሎች ውድድር አበበ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛው ማን መሰላችሁ? ዋሚ ቢራቱ! እንግዲህ ከሮም አራት ዓመት በፊት የዋሚን ተረከዝ እያየ የገባ ሰው “ማንም የማያውቀው” ሊባል ነው?

የመጀመሪያ ማራቶኑን የሮጠው በጁላይ 1960 ነው። በወሩ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ገባ። ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 2:23:03 ነበር። በዚያ ላይ ዛቶፔክ የሮጠው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ነው፤ አበበ ግን 2,400 ሜትር ግድም ላይ፣ አየሩ በሳሳበት። ኒስካነን በእጁ ምን እንደያዘ ለመረዳት ጠንቋይ አላስፈለገውም። የአበበን የሕይወት ታሪክ በ2008 ያሳተመው ቲም ጁዳም የሮም ጉዞው ቀደም ብሎ የታቀደ እንጂ የመጨረሻ ሰዓት ግርግር እንዳልነበር ጽፏል።

እርግጥ ዕቅዱም ቀዳዳ አላጣም። አበበ ሮም ላይ የገዛው ጫማ አልመች ብሎ እግሩን አቆሰለው፣ አወለቀው። ተጠንቀቀው የተባለው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ሲጠበቅ 185 ለብሶ መጣ። አበበ አጠገቡ ያለው ራዲ መሆኑን ሳያውቅ፣ 26 ቁጥር ከፊት ያለ እየመሰለው ሮጠ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ እኛ ዘንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው፣ በ2:15:16 ቀድሞ ገባ።

እኔን የሚከነክነኝ ተረቱ ሁለት ሰው መበደሉ ነው። አበበን የሎተሪ ዕጣ ያደርገዋል፤ የዓመታት ልምምዱ የት ገባ? ዋሚን ደግሞ የቀረ ሰው ብቻ አድርጎ ያስቀረዋል፤ አበበን የመሰለ ሯጭ የቀደመ ጀግና እኮ ነው!

ደግሞ ዕድሜውን ልብ በሉ። የመጀመሪያ ማራቶኑን ሲሮጥ 28 ሊሞላው ሳምንታት ነበር የቀሩት። በዛሬ መልማይ ዓይን “አልፎበታል” የሚባል ዓይነት። ያለፈበት ሰው በ1964 ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በአምስት ሳምንቱ ቶኪዮ ላይ 2:12:11 ሮጦ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አሻሻለ።

ከዚሁ ደጋ አንዲት ሌላ ሰው ልጥራ። የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ የሆነችው ጌጤ ዋሚ በ1999 ሴቪል ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ በ2000 ሲድኒ ላይ ከደራርቱ ቱሉ ቀጥላ ብር ወስዳለች። አብዛኛው ሯጭ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም አይፈርድበትም። እሷ ግን በ2006 የበርሊን ማራቶንን አሸነፈች፣ በ2007 ደገመችው፣ ከዚያም በአምስተኛው ሳምንት ኒውዮርክ ሄዳ ከፓውላ ራድክሊፍ 23 ሰከንድ ብቻ ዘግይታ ሁለተኛ ገባች። ያኔ 33ኛ ዓመቷን ልትደፍን አንድ ወር ግድም ነበር የቀራት።