የሲኒማ ቤት ደስታና ምሬት፦ ከ«የሰይጣን ቤት» እስከ ዘመናችን

ሲኒማ ቤት ገብቶ ሳይማረር የወጣ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከፊት የተቀመጠው ባለ ረጅም ቁመት፣ ከኋላ ሆኖ ወንበር በጉልበቱ የሚገፋው፣ ከጎን ቆሎ የሚቆረጥመው፣ ፊልሙን ቀድሞ አይቶት ኖሮ ለጓደኛው «ቆይ፣ አሁን ይይዙታል» እያለ ታሪኩን የሚያፈርሰው፣ አርፍዶ መጥቶ በጨለማ የሰው እግር እየረገጠ ወንበሩን የሚፈልገው፤ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ያዋጣል። ያም ሆኖ በምሬት የወጣው ተመልካች በሳምንቱ ተመልሶ እዚያው በር ላይ ይሰለፍ ነበር። ይህ ለምን ሆነ?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ ከታሪክ አንጻር መመልከት ነው። በአዲስ አበባ፣ በአስመራ፣ በዛንዚባርም ሆነ በሞቃዲሾ የሲኒማ ቤት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ፊልሙ፣ ሕንፃው ወይም ባለቤቱ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን ይዘነጋል። ነገር ግን የሲኒማ ቤት ዋነኛ ቁም ነገር የማይተዋወቁ ሰዎች ከፍለው በአንድ ጨለማ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነበር። ደስታውም ምሬቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ቅሬታ ስም የሆነበት ቤት

የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ለከፋይ ተመልካች ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነበር። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ሳይቆጠሩ አዲሱ መሣሪያ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንደ ደረሰ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። ስልክና አውቶሞቢል ከነገርነቱ በፊት ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ጀምረው ወደ ሕዝብ እንደ ወጡ ሁሉ ሲኒማም መጀመሪያ የመኳንንት መደነቂያ ነበር።

ወደ ከተማው ሕዝብ ሲወርድ ግን አቀባበሉ ሌላ ሆነ። በአዲስ አበባ ለሕዝብ ፊልም ከታየባቸው የመጀመሪያዎቹ ቤቶች አንዱ «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም ወጣለት። ስሙን ላወጣው ሰው ነገሩ እንግዳ አልነበረም፤ መስኮት በተዘጋበት ቤት፣ በቀን ጨለማ ውስጥ፣ በሕይወት የሌሉ ወይም ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ግድግዳ ላይ ሲራመዱና ሲስቁ ማየት የመናፍስት ሥራ ቢመስለው አይፈረድበትም። ወንድና ሴት፣ ጌታና ሎሌ በጨለማ ተቀላቅለው መቀመጣቸውም ለጊዜው ሥነ ምግባር የሚመች አልነበረም።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ስሙ ቤቱን አለመዝጋቱ ነው። ሰው ቤቱን በሰይጣን እየጠራ ገንዘቡን ከፍሎ ይገባ ነበር። በአገራችን የሲኒማ ታሪክ ውስጥ ምሬትና ጉጉት ተቃቅፈው የገቡት ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወንበሩ የማን ነው?

ከጎን የተቀመጠን ሰው መማረር የሚቻለው ከጎኑ መቀመጥ ሲፈቀድ ብቻ ነው። ይህ ፈቃድ በአካባቢያችን ሁልጊዜ አልነበረም።

ፋሺስት ኢጣሊያ በምሥራቅ አፍሪካ ግዛቷ ሲኒማ ቤቶችን በብዛት አቋቁማለች። በአስመራ ማሪዮ ሜሲና የነደፈው ሲኒማ ኢምፔሮ እ.ኤ.አ. በ1937 ተሠርቶ ዛሬም ድረስ የከተማይቱ ምልክት ነው። ሆኖም እነዚህን ያማሩ አዳራሾች የሠራው መንግሥት የዘር መለያየትን በሕግ የደነገገው መንግሥትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው «የዘር ክብር» ሕግ ኢጣሊያዊ ሆኖ ለአገሬው ሰው ወደ ተለዩ የሕዝብ መሰብሰቢያዎች የሚያዘወትርን ሰው እስከ መቅጣት ደርሷል። ለነጭ የተሠራው አዳራሽ ለጥቁሩ ከውጭ የሚታይ መብራት ብቻ ነበር።

በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ደግሞ መለያው በወንበር ብቻ ሳይሆን በፊልሙም ላይ ነበር። የሳንሱር ባለሥልጣናት አንዳንዱን ፊልም ለአውሮፓውያን እየፈቀዱ ለአፍሪካውያን ይከለክሉ ነበር። ነጭ ሲዋረድ፣ ነጭ ሴት ሥርዐት ስትጥስ ወይም ሕዝብ በገዢው ላይ ሲነሣ የሚያሳይ ትዕይንት ለጥቁር ተመልካች አይበጅም የሚል ፍርሃት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1937 በታንጋኒካ የተካሄደው የባንቱ ትምህርታዊ ሲኒማ ሙከራም ለአፍሪካዊው የተለየ ፊልም ያስፈልገዋል ከሚል አስተሳሰብ የተነሣ ነው። ስለ እርሻና ስለ ጤና የሚመክሩ አጫጭር ፊልሞች ተሠርተው በመኪና ተጭነው በየመንደሩ ይታዩ ነበር።

ከዚህ የተለየ መንገድ የታየው በዛንዚባር ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ሀሰናሊ አዳማሊ ጃሪዋላ የተባለ ነጋዴ በድንጋይ ከተማ ሮያል የተባለውን ሲኒማ ቤት አሠራ። በኋላ ማጀስቲክ የተባለው ይኸው ቤት ነው። የታሪክ ምሁሯ ሎራ ፌር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት መጽሐፋቸው እንዳሳዩት በዚያች ደሴትና በታንጋኒካ ከተሞች ሲኒማ ቤቱን የሚያስተዳድረው በአብዛኛው የእስያ ተወላጅ ነጋዴ ሲሆን፣ ወንበሩን የሚሞላው ደግሞ አፍሪካዊው፣ ዐረቡና ሕንዱ በአንድነት ነበር። ነጋዴው ትርፍ ይፈልጋል፤ ትርፍ ደግሞ በር ከመዝጋት ሳይሆን በር ከመክፈት ይገኛል። ወንበሩ በዋጋ መለያየቱ አልቀረም፤ የሚያለያየው ግን በቅድሚያ ኪስ ነበር።

በአዲስ አበባ ከነጻነት በኋላ በኢጣሊያኖች ተጀምረው የቀሩት አዳራሾች ሌላ ሕይወት አገኙ። «ሲኒማ ማርኮኒ» ተብሎ የተጀመረው ሕንፃ ተለውጦና ተጠናቅቆ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ ተመረቀ፤ የኋላው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው። ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፣ ሲኒማ አምባሳደርና በመርካቶ የነበረው ሲኒማ ራስ ከፒያሳ እስከ መርካቶ የከተማው ሰው የቀጠሮ አድራሻዎች ሆኑ።

የማሽን ክፍሉ ጣጣ

የተመልካቹ ምሬት ሁሉ ከጎረቤቱ የመጣ አይደለም፤ ግማሹ ከኋላው፣ ከፍ ብላ ከምትገኘው ትንሽ ክፍል ይመነጭ ነበር።

ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ያሳልፋል። በዚህ ፍጥነት 2,000 ጫማ ርዝመት ያለው አንድ ጥቅል ከ20 እስከ 22 ደቂቃ ብቻ ይዘልቃል። እንግዲህ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ማለት ቢያንስ አምስት ጥቅል ማለት ነው። ሦስት ሰዓት የሚፈጀው የሕንድ ፊልም ደግሞ ከዚያ እጥፍ ይሆናል። ደኅና ሲኒማ ቤት ሁለት ማሽን ይኖረዋል፤ ሠራተኛው በሥዕሉ የቀኝ ላይኛ ማዕዘን ብልጭ የምትለዋን ክብ ምልክት ጠብቆ አንዱን ሲያቆም ሌላውን ያስነሣል። ተመልካቹም ምንም ሳያውቅ ታሪኩን ይከተላል። አንድ ማሽን ብቻ ባለበት ቤት ግን በየ20 ደቂቃው መብራት ይበራል፤ ፉጨትም ይነሣል።

የቀድሞዎቹ ማሽኖች ብርሃን የሚገኘው ከሚነድዱ ሁለት የከሰል ዘንጎች ነበር። ዘንጎቹ እየነደዱ ሲያጥሩ ሠራተኛው ካላቀራረባቸው ሥዕሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ፊልሙ በማሽኑ አፍ ላይ ከተያዘ ደግሞ ሙቀቱ ያቃጥለዋል፤ በነጩ ሸራ ላይ በተዋናዩ ፊት መካከል ቡናማ ነቁጥ ታየና ሰፍታ ፊቱን ትበላዋለች። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ይሠራበት የነበረው የናይትሬት ፊልም እንደ ባሩድ የሚቀጣጠል በመሆኑ የማሽኑ ክፍል በወፍራም ግንብ የሚታጠረው ያለ ምክንያት አልነበረም። የተቃጠለው ተቆርጦ በማጣበቂያ ሲያያዝ ጥቂት ሥዕሎች ይጎድላሉ። ብዙ ከተማ ዞሮ በመጨረሻ ወደ እኛ አካባቢ የሚደርስ ቅጂ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቆረጠና የተቀጠለ ነው፤ በር ላይ የነበረው ጀግና በድንገት ፈረስ ላይ ቢገኝ ጥፋቱ የደራሲው አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ሰው ስሙ በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም። ፊልሙ በሰላም ሲያልፍ የሚያመሰግነው የለም፤ ሲቋረጥ ግን አዳራሹ በሙሉ ወደ እርሱ ዞሮ ይጮኻል።

ተመልካቹ ሲተውን

በአካባቢያችን ለረጅም ዘመን ይታዩ የነበሩት ፊልሞች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ በጣሊያንኛ ወይም በሂንዲ የተሠሩና የአገሬው ቋንቋ ያልገባባቸው ነበሩ። ተመልካቹ ታሪኩን ከፊት ገጽታ፣ ከሙዚቃና ከድርጊት አገጣጥሞ መረዳት ነበረበት። እዚህ ላይ ነው ያ ሁሉም የሚያማርረው ባለ ሹክሹክታ ሌላ መልክ የሚይዘው። ቋንቋውን በመጠኑ የሚያውቀው ሰው ለጓደኛው ሲያንሾካሹክለት ከፊት ያለው ይቆጣል፤ ከኋላ ያለው ግን ጆሮውን አቅንቶ በነጻ ይተረጎምለታል። ለአንዱ ረብሻ የሆነው ለሌላው አገልግሎት ነበር።

በኡጋንዳ ይህ ሹክሹክታ ራሱን የቻለ ሙያ እስከ መሆን ደርሷል። «ቪዲዮ ጆከር» የሚባሉት ሰዎች ድምፅ ማጉያ ይዘው ፊልሙን በሉጋንዳ እየተረጎሙ፣ ቀልድና አስተያየት እየጨመሩ ያሳያሉ፤ ተመልካቹም በተዋናዩ ፈንታ ተርጓሚውን መርጦ የሚገባበት ጊዜ አለ። በእኛ አገር ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ሕዝቡ የተሻማበትን ምክንያት ለመረዳት እነዚያን የሹክሹክታ ዘመናት ማስታወስ ይበቃል።

አዳራሹም የራሱ ሕግ ነበረው። ጀግናው «አክተሩ» ነው፤ አክተሩ አይሞትም። ክፉው ከኋላ ሲመጣ ከታች ወንበር ያሉ ልጆች ጮኸው ያስጠነቅቁታል፤ እርሱም የሰማቸው ይመስል ዞር ሲል ጭብጨባው ጣሪያ ይነካል። በሕንድ ፊልም እናት ከጠፋ ልጇ ጋር ስትገናኝ ደግሞ ቅድም የጮኸው አዳራሽ ጸጥ ይላል፤ የአፍንጫ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ብቻውን ቢሆን የማያለቅስ ሰው በጨለማ ከማያውቃቸው ጋር ያለቅሳል፤ መብራት ሲበራም ማንም የማንንም ዐይን አያይም። ይህ ጨዋነት በየትኛውም ቲኬት ጀርባ አልተጻፈም።

ከአዳራሽ ወደ ኪስ

እ.ኤ.አ. በ1964 የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። በዚያው ዐሥርት ዓመት አጋማሽ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ታየ። በሌላ አነጋገር አገራችን በገዛ ቋንቋዋ ሲኒማ በጀመረችበት ወቅት ሰውን ከሲኒማ ቤት የሚያስቀረው መሣሪያም አብሮ ገብቷል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሲኒማ ቤቶች ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወሩ፤ ሰዓት እላፊውም የማታውን ትዕይንት ጎዳው። ቀጥሎ የመጡት ቪዲዮ ቤቶች በየሰፈሩ አግዳሚ ወንበር ደርድረው፣ በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ሰው አጨናንቀው አስተናገዱ። ምሬቱ ሁሉ እዚያ በእጥፍ ነበር፤ ሙቀቱ፣ ጭሱ፣ በወሳኙ ሰዓት የሚጠፋው መብራት። ግን ይሞሉ ነበር።

ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዲጂታል ቪዲዮ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች የድሮዎቹን አዳራሾች እንደገና በሰልፍ ከበቧቸው። እንደ ዓለም ሲኒማ፣ ሴባስቶፖልና ኤድና ሞል ያሉ አዳዲስ ቤቶችም ተከፈቱ። የአዲሱ ቤት ወንበር ለስላሳ፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ዛሬ ደግሞ ፊልሙ በእጅ ስልክ ይታያል፤ የሚረብሽ የለም፣ የሚያስጠነቅቅም የለም።

ይህ ለውጥ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የሲኒማ ቤትን ጨለማ የምትፈራ ሴት፣ ደረጃ መውጣት የማይችል አረጋዊ፣ ሲኒማ ቤት በሌለበት ወረዳ የሚኖር ወጣት ዛሬ የፈለጉትን ያያሉ። የጥንቱ አዳራሽ ለሁሉም እኩል ክፍት ነበር ብሎ ማሞገስም ታሪክን መዘንጋት ይሆናል። የጠፋውን ለማወቅ ግን የሞቃዲሾን ነገር መመልከት ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1967 የቻይና መሐንዲሶች የሠሩት የሶማሊያ ብሔራዊ ቴአትር በ1991 በተጀመረው ጦርነት ተዘግቶ ፈርሶ ነበር። በ2012 እንደ ተከፈተ ወዲያው በአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት የሰው ሕይወት ጠፋበት። እንደገና ታድሶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 22 ቀን 2021 ሁለት አጫጭር የሶማሊ ፊልሞች ሲታዩበት፣ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የመጀመሪያው የሲኒማ ምሽት ሆነ። የመጣው ሰው ሁሉ ፊልም በስልኩ ሊያይ ይችል ነበር፤ ፍተሻውን አልፎ የመጣው ግን ከማያውቀው ሰው ጎን ያለ ፍርሃት ለመቀመጥ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላል ያገራችን ብሂል። ሳቅና ለቅሶም እንደዚያው ናቸው፤ ለብዙ ሰው ሲካፈሉ ይቀልላሉ። የአስመራ ከተማ ሕንፃዎች፣ ሲኒማ ቤቶቿን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት መመዝገባቸው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ግንቡ ቢጠበቅ እንኳ የማሽን ሠራተኛው ትዝታ፣ የቲኬት ቆራጯ ወሬ፣ በባትሪ ወንበር የሚያሳየው ሰው ታሪክ በግንቡ ላይ አልተጻፈም። እነዚህ ሰዎች አሁን አርጅተዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ መቅረጸ ድምፅ ይዘው ወደ እነርሱ ቢሄዱ፣ መጻሕፍት ቤት የማያገኙትን የከተማ ታሪክ ከእነርሱ አንደበት ያገኛሉ።