እየተማሩ ያስተማሩ መምህር፦ አስፋው የምሩ

 

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ መምህር ነው። ስማቸው አስፋው የምሩ ይባላል። እኛም ጋሽ አስፋው እያልን እንጠራቸዋለን። ጋሽ አስፋው በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ታሪካቸውን የምንነግራችሁ ግን ለማዘን ብቻ አይደለም። ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ ከጀመራችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ፣ “እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ሌላውን ሰው ምን ብዬ አስተምራለሁ?” ትላላችሁ። ለዚህ ጥያቄ የጋሽ አስፋው ሕይወት ጥሩ መልስ አለው።

አስፋው የተወለደው በሸዋ፣ በቡልጋ ነው። የ9 ዓመት ልጅ ሳለ ብቻውን ወደ አዲስ አበባ መጣ። በከተማው የሚያስጠጋው ዘመድ አልነበረውም። ስለዚህ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከነዳያን ጋር አደረ። የሰው ዕቃ እየተሸከመ የዕለት ጉርሱን አገኘ። ቆይቶም ሰው ቤት ተቀጠረ፤ እየሠራ ትምህርት ቤት ገባ። በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበረ፣ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በነፃ እንዲማር ተፈቀደለት።

ዊንጌት በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከነበሩት ጥቂት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። አዳሪ ማለት ተማሪው እዚያው በልቶ፣ እዚያው አድሮ የሚማርበት ማለት ነው። እንግዲህ አስፋው ከመንገድ ወጣ። አልጋ አገኘ፤ ምግብ አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን “ተመስገን፣ እኔ አልፎልኛል” ብሎ ይቀመጥ ነበር። አስፋው ግን አልተቀመጠም።

ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በቅጥሩ ውስጥ ቤት የሌላቸው ብዙ ልጆች ይኖሩ ነበር። አስፋው ከተማሪዎች ማዕድ የተረፈውን ምግብ እየወሰደ ያካፍላቸው ጀመር። ልጆቹ ግን እንጀራ ብቻ አልነበረም የራባቸው። መማርም ይፈልጉ ነበር። እሱም በ1949 ዓ.ም. ገደማ፣ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቦ ያስተምራቸው ጀመር። ዕድሜው ስንት ነበር መሰላችሁ? 14 ዓመት! ራሱ ገና ተማሪ ነበር። ቀን ይማራል፤ ከትምህርት ሲወጣ ያስተምራል። ክፍያ የለ፣ ወንበር የለ፣ ጣሪያ የለ።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እንመልከተው። ምግብ መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን የዛሬ እንጀራ ለነገ አይተርፍም። ፊደል ግን አንዴ ከያዙት ቀማኛ አይወስደውም። የሰጠው ሰውም አይጎድልበትም። አስፋው የራበውን አበላ፤ ቀጥሎም ራሱን የሚችልበትን መንገድ አሳየው።

የልጆቹ ቁጥር እያደር በዛ። የዛፉ ጥላ አልበቃ አለ። አስፋውም በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኪና ፊት ቀርቦ፣ “አቤት!” ብሎ መሬት ለመነ። መሬቱም ተሰጠው። በዚያ ላይ አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ተሠራ። “አሠር” ማለት ፈለግ፣ ዱካ ማለት ነው። “አሠረ ሐዋርያት” ሲባል እንግዲህ “የሐዋርያት ፈለግ” ማለት ነው።

ጋሽ አስፋው ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ሥራ ኖሩ። ትምህርት ቤታቸው የተከፈተው ለድሃ ልጆች ነው። ክፍያ አይጠየቅም ነበር። ዱላና አለንጋ የመምህር መሣሪያ ናቸው ተብሎ በሚታመንበት ዘመን፣ እሳቸው ልጅ እንዳይመታ ከለከሉ። ቆይተውም ሞያ የሚባል ሁለተኛ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በዚያም ልጆች ከንባብና ከጽሕፈት ጋር የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በእነዚህ ትምህርት ቤቶች አለፉ። በ1993 ዓ.ም. መንገድ ላይ ለወደቁ ልጆች 44 ዓመት ስለደከሙ፣ ስዊድን አገር የተቋቋመው የዓለም ሕፃናት ሽልማት ተሰጣቸው። ይህን ሽልማት ማን እንደሚያገኝ የሚመርጡት ራሳቸው ልጆች ናቸው።

የጋሽ አስፋው ሥራ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ መንገዱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በየኔታ ቤት እንዴት ነበር የምንማረው? ንባብ የዘለቀው ተማሪ ሀሁ ለሚለው ጀማሪ ፊደል ያስቆጥራል። የኔታ ሁሉንም ብቻቸውን አያስተምሩም። ቀደም ያለው የኋለኛውን ይስባል። አስፋውም በዛፉ ሥር ያደረገው ይህንኑ ነው።

ከዚያ 22 ዓመት ቆይቶ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ተማሪዎችና መምህራን ወደየቀበሌውና ወደየገጠሩ ዘመቱ። ትምህርቱ እያደር በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው እኩያ ፊደል ቆጠሩ። የዚያም ዘመቻ መሠረቱ ይኸው ነበር፤ የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር።

ውድ አድማጮች፣ እናንተስ? ሁሉን እስክታውቁ አትጠብቁ። አሥር ፊደል የያዘ፣ አንድም ላልያዘው መምህር ነው። ጎረቤታችሁ ስሟን መጻፍ አትችል ይሆናል። ደብዳቤ በመጣላት ቁጥር አንባቢ ፍለጋ ደጅ ትጠና ይሆናል። ቡና ስትጠጡ የስሟን ፊደላት አሳዩአት። በማግስቱ ደግሞ የልጇን ስም። ደብተር ከሌለ አመድ ላይ በጣት ይጻፋል። ይህ ለእናንተም ጥቅም አለው። ፊደል ካልተጠቀሙበት ይረሳል። ለሌላ ያሳዩት ግን ከልብ አይጠፋም።

ጋሽ አስፋው ሐብት አልነበራቸውም፤ ሹመትም አልነበራቸውም። የነበራቸው ትላንት የተማሩት ትምህርት ነው። እሱን ሳያሳድሩ ሰጡ። እኛም ስማቸውን ማክበር የምንችለው፣ የያዝነውን ሳናሳድር በመስጠት ነው።

አሁን ከቡድናችሁ ጋር ተወያዩ፦

1. አስፋው ማስተማር ሲጀምር ስንት ዓመቱ ነበር? የትስ ነበር ያስተማረው?
2. ልጆቹ ከምግብ ሌላ ምን ፈለጉ? ለምን ይመስላችኋል?
3. በአካባቢያችሁ ፊደል ያልቆጠረ ማን አለ? በዚህ ሳምንት ምን ልታሳዩት ትችላላችሁ?

በሌላ ንግግር እስክንገናኝ፣ ደህና ሁኑ።