ጭስ የሚሸተው ጋቢ

እስቲ ተጠጉ፤ ስኒያችሁን ያዙና ስሙኝ። ይህን ትከሻዬ ላይ ያለውን ጋቢ አያችሁት? ስንቴ ታጥቧል። ለእኔ ግን ዛሬም ጭስ ጭስ ይሸተኛል። እናንተን ባይሸታችሁ አልፈርድባችሁም።

ነገሩ የሚጀምረው እዚሁ አራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሠፈሩ በ2016 ከመፍረሱ በፊት፣ እኔም ገና አፌን ሳልገራ። አንድ ሸማኔ ነጠላና ጋቢያቸውን በአቡጀዲ ጠቅልለው፣ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ከሸማኔዎቹ ሠፈር ከሽሮ ሜዳ በእግራቸው ይወርዱ ነበር። እናቴ ደንበኛቸው ነበረች። የሠፈሩ ልጆች ከኋላቸው እየተከተሉ «ቁጢት በጣሽ!» ይሏቸዋል። አንድ ቀን እኔም አብሬ ጮህኩ። ትርጉሙን አላውቀውም፤ ስድብ መሆኑን ግን አሳምሬ አውቃለሁ።

እናቴ ሰማች። ክንዴን ይዛ እየጎተተች ወሰደችኝና መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ፣ ጉልበታቸውን አሳመችኝ። እርሳቸው ራሴን ዳሰስ አድርገው «ተይው ልጄ፣ ልጅ ነው» አሏት። ያ ጉልበት እንዴት ደረቅ እንደነበር ከንፈሬ አልረሳውም።

ካደግሁ በኋላ ነው ያነበብኩት፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ኖሯል። ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ቆዳ ፋቂውም በአዋጁ ተነስተዋል። የእኔ ስድብ የተሰማው ከዚያ ሰባ አምስት ዓመት አልፎ ነው! አዋጁ ሲታወጅ ትልቁ ገበያ እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ጣሊያን ወደ ዛሬው መርካቶ ሳያዛውረው። ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች ከተማዋን አለበሷት፤ ከተማዋ ደግሞ ስማቸውን ወሰደችባቸው። «ዶርዜ» በእኛ አፍ የሀገርና የሕዝብ ስም መሆኑ ቀርቶ የሙያ ስም ሆነ፤ ሲከፋም ስድብ።

እንግዲህ ዓመታት አለፉ። እናቴ ዐረፈች፤ እኔ ሽሮ ሜዳ እየሄድኩ ያን ሽማግሌ ሸማኔ መጠየቅ አልተውኩም። አባባ እላቸዋለሁ። መስከረም ሲጋመስ ሽሮ ሜዳን ያየ ያውቃል፤ የመወርወሪያው ድምፅ ጸጥ ይላል። ሸማኔው ሁሉ ለመስቀል ሀገሩ ይገባል። በ2012 ግን አባባ አልተነሱም። ዕድሜ ልክ ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ መርገጫ የረገጠ ጉልበት እምቢ አለ።

«ልጄ፣ አንተ ሂድልኝ» አሉኝ። «ለባለቤቴ ይህን ቀሚስና ይህን ብር አድርስልኝ።» ያ የሳምኩት ጉልበት ነው። እንዴት እምቢ እላለሁ?

የአውቶቡሱን ነገር ልለፈው፤ ቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፤ አንድ ቀን ሙሉ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ ግን ቀስ ልበል። መኪናው የጨንቻን መንገድ ይዞ ይጠማዘዛል። ወደ ኋላ ስትዞሩ ሁለቱ ሐይቆች ከታች ተዘርግተዋል፤ ዓባያ ቀይ ቡኒ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ጠባብ ሸንተረር። ሙቀቱ በየመታጠፊያው ይቀንሳል። ሙዙ ያልቅና እንሰት ይጀምራል፤ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ጉም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስትደርሱ ጉሙ ውስጥ ዝሆኖች ቆመው ታያላችሁ።

ቤቶች ናቸው! የዶርዜ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ መሶብ ይሰፋል፤ ምሰሶ የለውም። ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ከበሩ በላይ ወደ ፊት የወጣው ክፍል ኩምቢ፣ ግራና ቀኙ የጢስ መውጫ ዓይን ይመስላል። ድሮ በዚያ ሀገር ዝሆን ነበር ይላሉ። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ይጥሉና ቤቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የቤቱ ዕድሜ በቁመቱ ይታወቃል፤ አዲሱ ረጅም፣ አሮጌው አጭር። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ይወስደዋል። የአባባ ቤት አጭር ነበር። ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

የአባባ ባለቤት፣ እማማ፣ እሳቱ ዳር ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ላይ እንዝርት። እዚያ ሀገር ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። አማርኛ ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸው አስተረጎመልን። ቀሚሱን ከመዘርጋታቸው በፊት የጠየቁት ስለ ጉልበቱ ነው። ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ሸፍነው ጋገሩልኝ፤ በዳጣና በማር በላን። አረቄው ሲቀዳ «ዮ! ዮ!» ተባለ።

ማታ ከብቶቹ እዚያው ቤት ውስጥ ገቡ። ይህን ሳይ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ ዶርዜ ውስጥ ኖሮ ነበር፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾም ያከብራል እንደሚሉት ጽፏል። ይህን አንስቼ «ታዲያ ረቡዕና ዓርብ ፍየሎቹን ትለቃላችሁ?» አልኩ። እማማ አዩኝና «አይ፤ ነብር ነብር ነው» አሉ። ወንዶቹ ከውጭ መዝፈን ጀመሩ። አንዱ ድምፅ ይነሳል፣ ሌላው ከሥሩ ይገባል፣ ሦስተኛው ያቋርጠዋል፤ ልክ እንደ ድርና ማግ። በመስቀሉ ዕለት ደግሞ ሀላቃ የሚባሉት ሹሞች አናታቸው ላይ ቅቤ ተደፍቶ ገበያውን ሲዞሩ አየሁ።

ጎረቤት ሽማግሌ ነበሩ፤ ስለ 2011 መስከረም የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። እናንተም ታስታውሳላችሁ። ቡራዩ ውስጥ የጋሞና የዶርዜ ተወላጆች ተገደሉ፤ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከ አባትን የሚሻገር የለም፤ ወጣቱም ተመለሰ። «ልጆቻችን ሞተው ነበር» አሉኝ፤ «ግን ሌላው ልጅ ምን አደረገ?» ከዚያ ወደ ውጭ ዞር አሉ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። በልጅነቴ የተናገርኳት ያች ቃል እዚያ ቤት ውስጥ ተመልሳ መጣችብኝ።

እስቲ አንድ ነገር ላወዳድር፤ በፓኪስታን ተራሮች፣ ቺትራል በሚባል አካባቢ፣ ካላሽ የሚባል ትንሽ ሕዝብ አለ፤ በሦስት ሸለቆ ውስጥ የአባቶቹን እምነት ይዞ የቀረ። ዓለም ሊያየው ባሕር ይሻገራል። እኛ የአራዳ ሰዎች የዶርዜን እጅ ሠርጋችን ላይ ለብሰን፣ ለቅሶ ላይ ተከናንበን፣ የአንድ ቀን መንገድ ሄደን አላየነውም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ነው የማወራው።

ስመለስ እማማ በቅርጫት ልቃቂት አስያዙኝ። እሳቱ ዳር የተፈተለ ነው፤ ከባዘቶው ጀምሮ ጭስ ጠጥቷል። ሽሮ ሜዳ ወስጄ ለአባባ ሰጠኋቸው። አንዱን አንስተው አፍንጫቸው ላይ ያዙት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ቤቱ አጠረ?» አሉኝ።

«አጥሯል አባባ፤ ጎንበስ ብዬ ነው የገባሁት።»

ግድግዳውን ደግፈው ተነሱ። ላግዛቸው ስል እጄን ያዝ አደረጉና ለቀቁት። ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን አንድ በአንድ አወረዱ፤ ከመስቀል ወዲህ ጸጥ ባለው ግቢ መወርወሪያው ተሰማ።