ተሽከርካሪ ወንበርና የእኩልነት ጥያቄ በጎንደር ፒያሳ

የጎንደር ፒያሳ የዛሬ መልኩን በአብዛኛው ያገኘው በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው አርክቴክት የነደፈው የከተማ ፕላን የኢጣሊያውያንንና የኢትዮጵያውያንን መኖሪያ የሚለያይ ነበር። በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም. የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ያ የዘር አጥር ፈረሰ፤ ፒያሳም የሕዝብ ሁሉ መገናኛ ሆነ። ይሁን እንጂ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው ሌላ አጥር ቀርቶት ነበር፤ እርሱም ደረጃ ነው።

በእግሩ የሚሄድ ሰው አንዲት ደረጃ መውጣቱን ልብ ላይለው ይችላል። ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ግን ያች ደረጃ ወደ ባንክ፣ ወደ መድኃኒት ቤት ወይም ወደ ሐኪም ዘንድ ብቻውን መግባትና አለመግባቱን ትወስናለች። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት በጎንደር ድካሙ በሙሉ የሚያርፈው በክንዱ ላይ ነው። ሰዎች ተሸክመው ቢያስገቡት እንኳ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። ከገባም በኋላ ባለሙያው እርሱን ትቶ አስታማሚውን «ምን ያመዋል?» ብሎ ሲጠይቅ ክብሩ ይነካል።

ይህን ጉዳይ ለመረዳት የጎንደር የጤና ትምህርት ታሪክ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። መሠረቱም የሰው ጤና በሰውነቱ ብቻ ሳይሆን በሚጠጣው ውኃ፣ በመጸዳጃው፣ በመኖሪያውም ይወሰናል የሚል እምነት ነው። በዚሁ ሚዛን ሲታይ መሰናክሉ በግለሰቡ እግር ላይ ብቻ አይደለም፤ በደረጃው፣ በጠባቡ በርና በከፍተኛው የምርመራ አልጋም ላይ ነው።

ሕጉም ወደዚህ አመለካከት ቀስ በቀስ አምርቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር ላይ የሚደረገውን አድልዎ ከለከለ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። በዚህም ጉዳዩ ከርኅራኄ ወደ መብት ተሸጋገረ።

ወንበሩ ራሱም የሕክምና ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ተሽከርካሪ ወንበር በምርመራና በልክ ታዝዞ፣ ተጠቃሚው ሥልጠና አግኝቶ፣ ክትትልና ጥገናም ተጨምሮበት እንዲሰጥ መክሯል። ያለ ልክ የተሰጠ ወንበር የግፊት ቁስል ሊያስከትል፣ አከርካሪንም ሊያጎብጥ ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2017 ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በጀመረው ትብብር በኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎችን ለማፍራት መነሣቱ ለዚህ ሥራ አስፈላጊ እርምጃ ነው።

የጤና ባለሙያ የከተማን ደረጃዎች በሙሉ ሊያፈርስ አይችልም። የራሱን ጤና ተቋም በር፣ መጸዳጃና የምርመራ አልጋ ግን ሊመረምር፣ መወጣጫ እንዲሠራ ሊጠይቅ፣ ታካሚውንም በቁመቱ ልክ ዝቅ ብሎ በቀጥታ ሊያነጋግር ይችላል፤ ይገባዋልም።