ከክለቡ የሚተርፍ ተጫዋች፦ በዩክሬን የታችኛው እርከን ሊጎች የእግር ኳስ ሕይወት

በዩክሬን ሁለተኛና ሦስተኛ እርከን ሊጎች ሲጫወት የኖረ አንድ ባለሙያ የሥራ ታሪኩ በወረቀት ላይ ሲታይ ያሳዝናል። በአሥር ዓመት ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት ክለብ፣ በእያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት የውድድር ዘመን፣ አንዳንዴም ግማሽ ዓመት ብቻ። ግቦቹ ጥቂት ናቸው፤ ዋንጫ የለም። ይህን ዝርዝር ያየ ሰው ተጫዋቹ የትም አልረጋም፣ የትም አልተፈለገም ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ያልረጋው ብዙ ጊዜ ክለቡ ነው የሚል ነው። ተጫዋቹ ሥራውን አልተወም፤ አሠሪው ግን ፈረሰ፣ ስሙን ቀየረ፣ ከተማውን ለቀቀ ወይም ከሊጉ ተሰረዘ።

ስህተቱ የሚመነጨው ከመለኪያው ይመስለኛል። የእግር ኳስ ተጫዋችን ሕይወት የምናየው መሰላል እንደሚወጣ ሰው አድርገን ነው፤ ጎበዝ ከሆነ ይወጣል፣ ካልሆነ ባለበት ይቀራል ወይም ይወርዳል እንላለን። መሰላሉ ጸንቶ በቆመበት አገር ይህ ሊያስኬድ ይችላል። ክለቦች በየጥቂት ዓመቱ በሚሞቱበትና በሚወለዱበት አገር ግን መውጣትና መውረድን ብቻ የሚቆጥር ሰው ዋናውን ነገር ሳያይ ያልፋል።

የዩክሬን ነጻ ሊግ የተጀመረው በ1992 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የሲምፈሮፖሉ ታቭሪያ ሲሆን በሊቪቭ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ዲናሞ ኪዬቭን 1 ለ 0 አሸንፏል። ዛሬ ከላይ ፕሪሚየር ሊጉ አለ፤ ከእሱ ሥር አንደኛ ሊግ፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ሊግ ይመጣሉ። ስለዚህ በአገሩ አጠራር «ሁለተኛ ሊግ» የሚባለው በእርከን ሦስተኛው ነው። ከእነዚህ በታች ያሉት የአማተርና የክፍለ ሀገር ውድድሮች ናቸው። ተጫዋቹ በእነዚህ እርከኖች መካከል ይመላለሳል፤ ምልልሱን የሚወስነው ግን ከእግሩ ይልቅ የገንዘቡ ምንጭ ነው።

በሶቪየት ዘመን ያ ምንጭ ፋብሪካው፣ የማዕድን ማውጫው ወይም የጋራ እርሻው ነበር። ድኒፕሮ ከሮኬት አምራቹ ዩዥማሽ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ የኪሮቮህራዱ ዚርካ ደግሞ ከእርሻ መሣሪያ ፋብሪካው ጋር። ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ ፋብሪካዎቹ ተዳከሙ፤ ክለቦቹም የአንድ ባለሀብት ወይም የአንድ ከንቲባ ፈቃድ ጥገኛ ሆኑ። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ይህን ቦታ በብዛት የያዙት የእርሻ ባለሀብቶች ናቸው። ኮቫሊቭካ በኪዬቭ ክፍለ ሀገር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ክለቧ ኮሎስ በ2012 ተመሥርቶ በ2015 ሁለተኛ ሊግ ገባ፤ በ2019 ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ ደረሰ። በኪሮቮህራድ ክፍለ ሀገር ጥቂት ሺህ ሰዎች የሚኖሩባት ፔትሮቬ ኢንሁሌትስን አበቀለች። ይህ ክለብ የአንደኛ ሊግ ተወዳዳሪ ሆኖ ሳለ በ2019 ለዩክሬን ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በሻክታር 4 ለ 0 ተሸንፏል። የቼርካሲው ኤልኤንዜድ ስሙን ያገኘው ከሌበዲን የዘር ፋብሪካ ነው። በቼርኒሂቭ ክፍለ ሀገር ያለችው የኩድሪቭካ መንደር ክለብ ደግሞ በ2025 የማጣሪያ ጨዋታ ቮርስክላ ፖልታቫን ጥሎ ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ። በሦስተኛው እርከን የሚጫወት አንድ አማካይ ወይም ተከላካይ የእነዚህን ሰዎች ሀብትና ስሜት እንደ አየር ጠባይ መከታተል አለበት። በእነዚህ መንደሮች ብዙ ተጫዋቾች ደመወዛቸው በጊዜው ደርሷቸዋል፤ ጥሩ ሜዳም አግኝተዋል። ይህ በጎ ጎኑ ነው፤ ሊናቅም አይገባም።

ሌላውን ጎን ለማየት ከፖልታቫ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2018 ኤፍሲ ፖልታቫ ከአንደኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማለፍ የተደረገውን ማጣሪያ ቾርኖሞሬትስ ኦዴሳን ጥሎ አሸነፈ። ተጫዋቾቹ በእግራቸው ያገኙትን ቦታ ክለቡ ሊይዘው አልቻለም፤ ገንዘብ የለም ተባለና ክለቡ ፈረሰ። የተሸነፈው ቾርኖሞሬትስ በፕሪሚየር ሊጉ ቀረ። እነዚያ ተጫዋቾች በሥራ ታሪካቸው ላይ «ፖልታቫ፣ እስከ 2018» የሚል መስመር ብቻ ነው ያላቸው። ከዚያ ቀጥሎ አንዱ በሁለተኛ ሊግ ክለብ ተመዝግቦ ቢገኝ አንባቢ ወረደ ይላል። እውነቱ ግን አሸንፎ ሥራ አጥ መሆኑ ነው።

የቼርኒሂቩ ዴስናም ተመሳሳይ ነገር አይቷል። አንድሪይ ያርሞሌንኮ ወደ ዲናሞ ኪዬቭ ከመሄዱ በፊት በአዋቂዎች እግር ኳስ የጀመረበት ክለብ ነው። በ2017 አንደኛ ሊጉን በሁለተኛነት ቢጨርስም የላይኛው ሊግ የመወዳደሪያ ፈቃድ ስላልተሰጠው ቦታው ለሪቭኔው ቬሬስ ተላለፈ። በዓመቱ ዴስና በማጣሪያ ዚርካን አሸንፎ ወጣ፤ በ2020 ፕሪሚየር ሊጉን በአራተኛነት ጨርሶ ለአውሮፓ ውድድር ደረሰ። በመጋቢት ወር 2022 የሩሲያ ቦምብ ስታዲየሙን አወደመው። ክለቡም ከውድድር ወጣ። ከ2017 እስከ 2022 በዚያ ክለብ የቆየ አንድ ተጫዋች በአምስት ዓመት ውስጥ በወረቀት ተከለከለ፣ በእግሩ ወጣ፣ በጦርነት ተበተነ። ከነዚህ ሦስቱ የእሱን ችሎታ የሚመለከተው አንዱ ብቻ ነው።

አርቴም ዶቭቢክን የመሰለ የተሳካለት ሰው እንኳ ከዚህ ሕግ ነጻ አይደለም። በ1997 በቼርካሲ የተወለደው አጥቂ የጀመረው በትውልድ ከተማው ክለብ ሲሆን፣ ያ ክለብ በኋላ ቼርካስኪ ድኒፕሮ ተብሎ በታችኞቹ ሊጎች ይጫወት ነበር። ከዚያ ወደ ታላቁ ድኒፕሮ ተዛወረ፤ በ2015 ለሞልዶቫው ዛሪያ ባልቲ በውሰት ተሰጠ። ድኒፕሮ በዚያው ዓመት ሜይ 27 ቀን ዋርሶ ላይ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ተጫውቶ በሴቪያ 3 ለ 2 የተሸነፈ ቡድን ነው። ያልተከፈለ ዕዳ ግን ተከተለው። ዩኤፋ ከአውሮፓ ውድድር አገደው፤ ፊፋ ነጥብ ቀነሰበት፤ በ2017 አንደኛ ሊጉን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ሁለተኛ ሊግ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ወደ አማተር እርከን ወርዶ በ2019 ከሰመ። ከአውሮፓ ፍጻሜ እስከ መክሰም አራት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው።

ዶቭቢክ በ2018 ወደ ዴንማርኩ ሚትዩላንድ ሄደ፤ እዚያም ቦታ ሳይጠናለት በውሰት ለሰንደርዩስኬ ተሰጠ። በ2020 ወደ አገሩ ሲመለስ የገባበት ኤስሲ ድኒፕሮ-1 በ2017 ገና ከሁለተኛ ሊግ የተነሳ አዲስ ክለብ ነበር። ቀጥሎ የሆነው በሰፊው ይታወቃል። በጁን 29 ቀን 2021 ግላስጎው ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ጥሎ ማለፍ፣ ዚንቼንኮ ያሻገረለትን ኳስ በተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ በግንባሩ ገጭቶ ስዊድንን አሰናበተ። በ2023 ወደ ጂሮና ተዛወረ፤ በመጀመሪያው ዓመቱ 24 ግብ አስቆጥሮ የስፔን ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ በ2024 ሮማ ገዛው። ድኒፕሮ-1 ግን በዚያው በ2024 ከሊጉ ወጣ። ቼርካስኪ ድኒፕሮ፣ ድኒፕሮና ድኒፕሮ-1 የሚባሉትን ስሞች ዛሬ በዩክሬን የሊግ ሰንጠረዦች የሚፈልግ ሰው አያገኛቸውም። የስፔን ኮከብ ግብ አግቢ በአገሩ ከተጫወተባቸው ክለቦች ተርፏል። ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ያለውን ታሪኩን ብቻ ብናነብ፣ በውሰት የተመላለሰና ክለቡ የፈረሰበት አንድ ተራ አጥቂ ነበር የምናገኘው። እንዲህ ያለ ታሪክ ይዘው ግላስጎው ያልደረሱት በጣም ብዙ ናቸው፤ እስከዚያ ዕድሜ ድረስ ታሪካቸው ከእሱ የሚለየው በጥቂቱ ነው።

የደመወዝ አለመከፈል ሌላ መዘዝም አለው። ለወራት ያልተከፈለው ተጫዋች ጨዋታ ለሚገዙ ሰዎች የተመቸ ነው። ዩክሬን በ2015 የስፖርት ውጤትን ማጭበርበር ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጣች። በሜይ 2018 ፖሊስና የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በጋራ ባካሄዱት ምርመራ 35 ክለቦችና 320 ሰዎች በጉዳዩ መነካካታቸው ተገለጸ። የአገሪቱ ፕሮፌሽናል ክለቦች ቁጥር ትንሽ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ከባድ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በድህነት ማመካኘት አልፈልግም፤ ያልተከፈላቸውና ያልሸጡ ብዙዎች አሉና ለእነሱ ፍትሐዊ አይሆንም። ነገር ግን ቅጣቱ ደመወዝ ያልከፈለውን ባለቤት ሳይነካ ተጫዋቹን ብቻ ከያዘ በሽታው ይመለሳል።

ጦርነቱ ይህን ቀድሞም የላላ መዋቅር ሁለት ጊዜ መታው። በ2014 ክራይሚያ ስትያዝ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ታቭሪያና ኤፍሲ ሴቫስቶፖል ፈረሱ። ሩስላን ማሊኖቭስኪ ወደ ጣሊያን ከመድረሱ ከዓመታት በፊት በሴቫስቶፖል በውሰት ተጫውቷል። ሩሲያ የክራይሚያን ክለቦች ወደ ራሷ ሦስተኛ እርከን አስገብታ ነበር፤ ዩኤፋ ግን ከለከላት። ታቭሪያ በ2016 በኬርሶን ክፍለ ሀገር፣ በቤሪስላቭ እንደገና ተቋቁሞ በሁለተኛ ሊግ ተጫወተ። የቀድሞ ሻምፒዮን ስም ለብሶ፣ ወደ ከተማው መግባት በማይቻልበት ሁኔታ በሦስተኛ እርከን መጫወት ምን እንደሆነ የግቦች ቁጥር ሊነግረን አይችልም።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 የተጀመረው ወረራ ግን ሊጉን ከላይ እስከ ታች አቆመው። የዓለም ተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ በመጀመሪያው ሳምንት የሁለት ወጣት ተጫዋቾችን ሞት አስታወቀ፦ የ21 ዓመቱ የካርፓቲ ወጣት ቡድን ግብ ጠባቂ ቪታሊ ሳፒሎ በኪዬቭ አቅራቢያ በውጊያ፣ በሆስቶሜል ክለብ የሚጫወተው የ25 ዓመቱ ድሚትሮ ማርቲኔንኮ ከእናቱ ጋር ቤታቸው በቦምብ ሲመታ። በሞቲዢን መንደር ደግሞ በታችኛው እርከን ክለቦች የተጫወተው ኦሌክሳንደር ሱኬንኮ፣ የመንደሯ አስተዳዳሪ ከነበሩት እናቱና ከአባቱ ጋር በሩሲያ ወታደሮች ተገደለ። ሦስቱም የዓለም ጋዜጦች በሕይወት ሳሉ ያልጻፉላቸው ተጫዋቾች ናቸው። የታችኛውን እርከን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስማቸውን ከሞታቸው ቀድሞ ከጨዋታቸው ጋር ማስፈር ይኖርበታል።

ውድድሩ በኦገስት 2022 ያለ ተመልካች ተመለሰ። የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ጨዋታው ይቆማል፤ ሁለቱም ቡድኖች ወደ መጠለያ ይወርዳሉ። ብዙ ክለቦች ስለጎደሉ አንደኛ ሊጉ በሁለት ምድብ ተከፈለ፤ ከሁለተኛ ሊግ የነበሩ ክለቦችም ክፍተቱን እንዲሞሉ ወደ ላይ መጡ። በዚያ ዓመት አንደኛ ሊግ የተጫወተ ሰው አደገ ብሎ መመዝገብ ትክክል ነው፤ ያደገበትን ምክንያት አለመጻፍ ግን ታሪኩን ያዛባል።

ፊፋ የውጭ ዜጋ ተጫዋቾች በዩክሬን ክለቦች ያላቸውን ውል ለጊዜው አቋርጠው እንዲሄዱ ፈቀደ። የአገሬው ተወላጅ ግን ከ18 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ እንደመሆኑ ድንበር መሻገር ተከለከለ። ቀድሞ በታችኛው እርከን ያለ ተጫዋች ክለቡ ሲፈርስ ወደ ቤላሩስ፣ ሞልዶቫ፣ አርሜኒያ ወይም የፖላንድ ዝቅተኛ ሊጎች ይሄድ ነበር። አንዳንዶች ካናዳ ድረስ ተሻገሩ። በደቡብ ኦንታሪዮ በሚካሄደው ካናዲያን ሶከር ሊግ ኤፍሲ ዩክሬን ዩናይትድና ኤፍሲ ቮርኩታ በዩክሬን ሊጎች ያለፉ ተጫዋቾችን ሰብስበው ነበር፤ ቮርኩታ በ2018 ሻምፒዮን ሆነ፤ የሩሲያ ከተማ የሆነውን ስሙን ግን በ2022 ትቶ ኤፍሲ ኮንቲኔንታልስ ተባለ። ይህ ከፊል ፕሮፌሽናል ሊግ ከ2013 ጀምሮ የካናዳ ፌዴሬሽን ዕውቅና የለውም። በዚህ ምክንያት እዚያ የተቆጠረ ግብ ከኦፊሴላዊው መዝገብ ውጭ ይቀራል፤ ተጫዋቹም በሃያ ስምንት ዓመቱ እግር ኳስ ያቆመ ይመስላል። ስለዚህ አጥኚው የፌዴሬሽን መዝገብን ብቻ ይዞ ከተነሳ የእነዚህን ሰዎች የሥራ ዘመን ከእውነተኛው አሳጥሮ ይቆጥራል።

በኤፕሪል 2024 ለውትድርና የመጠሪያው ዕድሜ ከ27 ወደ 25 ዝቅ ሲል፣ በተለምዶ አንድ ተከላካይ ወይም አማካይ የሚበስልበት ዕድሜ በቀጥታ ተነካ። በኦገስት 2025 ደግሞ መንግሥት ከ18 እስከ 22 ዓመት ያሉ ወንዶች ከአገር እንዲወጡ ፈቀደ። የሁለተኛ ሊግ ክለቦች የሚሞሉት በእነዚህ ልጆች ነው፤ ከአካዳሚ ወጥተው የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት እዚያ ነው። ከእንግዲህ የዩክሬን የታችኛው እርከን ተጫዋች ታሪክ ከቼርካሲና ከፔትሮቬ ይልቅ በፖላንድ አራተኛ እርከን ሊጀመር ይችላል። ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት ይህን ጉዳይ የሚያጠኑ ሰዎች ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከጨዋታና ከግብ ቁጥር ጎን ክለቡን የለቀቀበትን ምክንያት፣ ማለትም ውሉ አልቆ፣ ክለቡ ፈርሶ፣ ተዘዋውሮ ወይም ወደ ጦር ግንባር ሄዶ እንደሆነ አሁኑኑ መመዝገብ ይጠበቅባቸዋል፤ ክለቡ ከፈረሰ በኋላ ይህን መልስ የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት አይኖርም።